ኩርፊያ ይዞ ጾም

(በዐቢይ ጾም መግቢያ ቅዳሜ ደሴ ላይ ለምእመናን የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንኳን ለቅበላው በሰላም አደረሳችሁ። ነገ ዘወረደ ነው፤ ሰኞ 55ቱን ቀን እንጀምራለን። ዛሬ በየቤታችን ምን እየተሠራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቅቤ የነካው ድስት ይፈተጋል፤ መክተፊያውና ቢላዋው ይታጠባል። የቅባት ሽታ ባልለቀቀው ድስት የሰኞን ሽሮ የምትጥድ እናት የለችም። ይህን ጥንቃቄ እወደዋለሁ፤ ጾሙን ያወረሱን እንዲህ እየተጠነቀቁ ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ድስቱ ሁሉ ተፈትጎ ሲያልቅ ማንም ሳይነካው ከነሽታው ወደ ጾሙ ስለሚገባ ነገር ነው። ስለ ኩርፊያ ነው።

ርዕሱ ያነሰባችሁ ትኖሩ ይሆናል። ስለ ዝሙት ይሰበካል፣ ስለ ስካር ይሰበካል፣ ስለ ጥንቆላም ይሰበካል። ሰውም ለንስሐ አባቱ ሰረቅሁ፣ ዋሸሁ፣ በሐሰት ማልሁ ብሎ ይናገራል። «ከእኅቴ ጋር ሳንነጋገር ሦስተኛው ፋሲካ ሊመጣ ነው» ብሎ ንስሐ የሚገባ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ያኮረፈ ሰው ራሱን እንደ ኃጢአተኛ አያይማ። አልተሳደበም፣ አልተማታም፣ ክስ አልመሠረተም። ዝም ነው ያለው። እንዲያውም ታጋሽ የሆነ ይመስለዋል። አገራችንም «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ጨዋ ሰው ክፉ ቃል ላለመናገር ዝም ሲል እውነት ነው፤ አይነቅዝም። ሌላውን ለመቅጣት የተያዘ ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ ነቀዙም የሚጀምረው ከቤት ነው።

እስቲ አንድ ቤት አስቡ። ባልና ሚስት ናቸው፤ በሥጋ ወደሙ የተጋቡ፣ ማኅበር የሚጠጡ፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ። ጠቡ በትንሽ ነገር ተነሣ። ለእኅቱ ልጅ ሠርግ ሳይነግራት ገንዘብ ሰጠ፤ እርሷም በእንግዳ ፊት ነገሩን አነሣችበት። ያን ማታ ሳይነጋገሩ ተኙ። በማግሥቱም አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ለትንሿ ልጅ ሥራ ተገኘላት። «አባትሽን እራት ቀርቧል በይው።» «እናትሽን የቆጡን ቁልፍ የት አደረግሽው በያት።» ሦስቱም ያሉት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አባትየው የሚስቱን ድምፅ ሰምቶታል፤ እናትየዋም የባሏን ሰምታዋለች። ልጅቱ ግን ቃሉን ከዚህ ወደዚያ ተሸክማ መሻገር አለባት፤ አለዚያ እራቱ አይበላም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከባልና ሚስቱ ይልቅ የዚህች ልጅ ነገር ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» ብለን እናስጠናታለን። ቤቷ ስትገባ ደግሞ የሚወዱሽ ሰዎች ሲቀየሙ ድምፃቸውን እንደሚነሱሽ ትማራለች። ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ይልቅ ሥር ይሰድዳል፤ ምክንያቱም በየቀኑ ትለማመደዋለች። አድጋ ጓደኛዋ ስታስቀይማት ምን ታድርግ? ዛሬ ስልክ አለ፤ ብሎክ ታደርጋታለች። ከቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ትወጣለች። እኛም «የዘንድሮ ልጆች» እያልን እንገረማለን።

በእኛ አገር ኩርፊያን ደብቆ መኖርም ቀላል አይደለም፤ ቡናው ያወጣዋል። ቡና ሲፈላ «ቡና ድረሱ» ተብሎ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል። ያቺ ሁልጊዜ የምትመጣዋ ሴት ለአቦሉ ካልደረሰች፣ ለቶናውም ከቀረች፣ በረካው ሳያልቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የሁለቱ ሴቶች መሆኑ ይቀርና ግማሹ ወደ አንዷ፣ ግማሹ ወደ ሌላዋ ያዘነብላል። ያልተነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ስለ እነርሱ የሚነጋገረው ግን ሰፈር ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ወሎ አንድ የምንኮራበትን ነገር ላንሣ። በደቡብ ወሎ ሰው ሲገደልና ሁለት ወገን ደም ሲቃባ አበጋሮች፣ ማለትም ደም የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች፣ ይነሣሉ። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ የሟች ወገን እንቢ ይላል። ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፣ ደግመው ይሄዳሉ፣ ደጅ ይጠናሉ። ጥፋቱ ይታመናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች በአንድነት ማዕድ ይቀርባሉ። ያን ጊዜ «ደሙ ደረቀ» ይባላል። አበጋሩ ሙስሊም፣ ተጣዪዎቹ ክርስቲያን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ሃይማኖት ይቀመጣሉ፤ ምርቃቱንም ሁሉም አሜን ይለዋል። ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል። የሟቹን ልጅ ቂም ማሰር ግን አይችልም፤ ይህን አባቶቻችን አውቀው ነው ሥርዓቱን ያቆዩልን።

እንግዲህ ልጁን የገደለበትን ሰው ወንድም በአንድ ማዕድ የሚያስቀምጥ አገር ነው ያለን። በዚሁ አገር፣ በዚሁ ከተማ፣ ከአንድ እናት የወጡ ሁለት ሰዎች በአንድ ግንብ አጥር ተለያይተው ዓመታት ሳይነጋገሩ ይኖራሉ። ደም እናደርቃለን፤ ኩርፊያ ማድረቅ ግን አቃተን። የዛሬው ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ ለምን?

መልሱን ለመፈለግ ሁላችንም የምናውቀውን ጉዳይ ልውሰድ። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከየገጠሩም ብዙ እኅቶቻችን ዓረብ አገር ናቸው። የሰው ልጅ ያሳድጋሉ፣ የሰው ፎቅ ይጠርጋሉ፣ ሌሊት ሲደክሙ ያድራሉ፤ ብሩንም ይልካሉ። እዚህ ያለው ወንድም በተላከው ብር ቦታ ይገዛል፣ ቤት ይሠራል። ሰነዱ በእርሱ ስም ይወጣል። «እሷ ስለሌለች ነው» ይባላል፤ መጀመሪያ ላይ እውነትም ሊሆን ይችላል። ዓመታት ያልፋሉ። እርሱ አግብቶ ቤቱ ውስጥ ይገባል፤ ልጆች ይወልዳል። እኅት ተመልሳ ትመጣና «ቤቴ?» ትላለች። እርሱ የሚመልሰው የለውም፤ ስለዚህ ያኮርፋል። «ብር ስለላከች ናቀችኝ፣ በሚስቴ ፊት አዋረደችኝ» ይላል። እርሷም ታኮርፋለች። እናታቸው በመካከል ትቀራለች፤ በየፋሲካው ማለዳ የማንን ዶሮ እንደምትቀምስ የምትመርጠው እርሷ ናት። ወደ ወንድ ልጇ ብትሄድ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ወደ ልጅቷ ብትሄድ የልጅ ልጆቿን ሳታይ ትውላለች።

አያችሁ፣ በዚህ ቤት በዳዩም አኩርፏል። ይህ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር ነው። ተበዳይ ሰው የሚያኮርፈው ስለተጎዳ ነው። በዳይ የሚያኮርፈው ግን እንዳይጠየቅ ነው፤ ዝም ካልን ስለ ሰነዱ የሚያነሣ አይኖርምና። ሁለቱ ዝምታዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሽማግሌም መጥቶ «ሁለታችሁም አጥፍታችኋል፣ ተሳሳሙ» ብሎ ሊሄድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ሽማግሌም አይመጣም። ደም ሲፈስ አገር ይደነግጣል፤ ነገ ሌላ ሰው ይሞታልና። ኩርፊያ ማንንም አያስደነግጥም። «የቤት ጉዳይ ነው፣ ይበርድላቸዋል» ይባላል። መልሱ ይህ ይመስለኛል፤ ኩርፊያን የማናደርቀው ደም የማያፈስ መስሎን ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ኩርፊያ ደም ያፈሰሰበትን ቤት በዝርዝር ጽፎልናል፤ ቤቱም የንጉሥ ዳዊት ነው። ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13ን ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ አንብቡት። የዳዊት የበኩር ልጅ አምኖን እኅቱን ትዕማርን አስነወራት። ዳዊት ሰምቶ እጅግ ተቆጣ ይላል። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ዳዊት ለአምኖን የተናገረው አንድ ቃል አልተጻፈም። የትዕማር ወንድም አቤሴሎምም አምኖንን ክፉም ሆነ መልካም አልተናገረውም። ሁለት ዓመት ሙሉ! ያ ቤተ መንግሥት በእነዚያ ሁለት ዓመታት ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። በዓል ይከበራል፣ ማዕድ ይቀርባል፣ ንጉሡ በላይ ተቀምጧል። የሚጮህ የለም፤ የሚሳደብ የለም። እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው «እንዴት ያለ ሰላማዊ ቤት ነው» ብሎ ይወጣ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አቤሴሎም በበጎቹ ሽለታ ግብዣ አደረገ፤ አምኖንም በዚያ ግብዣ ላይ ተገደለ።

አቤሴሎም ወደ ጌሹር ሸሸ፤ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ዳዊት ናፈቀው፤ ናፍቆቱን ግን አልላከለትም። በጦር አለቃው በኢዮአብ ምልጃ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስም ንጉሡ «ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ፊቴን ግን እንዳያይ» አለ። አባትና ልጅ በአንድ ከተማ ሁለት ዓመት ሳይተያዩ ኖሩ። ልጁ ሰሚ ሲያጣ የኢዮአብን የገብስ እርሻ በእሳት አስለኮሰ፤ እንዲጠራለት ብሎ። በመጨረሻ ገባ፣ ሰገደ፣ አባቱም ሳመው። ምዕራፉ በመሳሳሙ ያልቃል። ስለ ትዕማር አንድ ቃል አልተነገረም፤ ስለ አምኖንም፤ ስለ እነዚያ ዓመታትም። ቁጠሩት፦ 2፣ 3፣ 2፤ 7 ዓመት ማለት ነው።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ሲከፈት አቤሴሎም በከተማይቱ በር አጠገብ ቆሟል። አቤቱታ ይዞ ወደ ንጉሥ የሚመጣውን ሁሉ እየጠራ «ነገርህ መልካምና ቅን ነው፤ ነገር ግን ከንጉሥ ዘንድ የሚሰማህ የለም» ይለዋል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይሰበራል። በአባቱ ቤት የሚሰማው ያጣ ልጅ የአገሩን ሁሉ ብሶት ሲሰማ ዋለ፤ በዚያም የእስራኤልን ልብ ሰረቀ፤ በአባቱም ላይ ጦር አነሣ። ዳዊት ልጁን «ልጄ አቤሴሎም ሆይ፣ ልጄ፣ ልጄ» እያለ የጠራው ከሞተ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ቃል ነበረው። በ7ቱ ዓመት ውስጥ አንዱን ቢያወጣው!

በዚህ ታሪክ አንድ ሰው እንዳይረሳ እፈልጋለሁ፤ ትዕማርን። በተደፈረች ዕለት ልብሷን ቀድዳ፣ አመድ ነስንሳ እየጮኸች ስትሄድ ወንድሟ አቤሴሎም ዝም እንድትል፣ አምኖን ወንድሟ ነውና ነገሩን በልቧ እንዳትይዘው ነገራት። እርስዋም በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ተቀመጠች ይላል። ስለዚህ ዛሬ ኩርፊያ ይቅር ስል፣ ከዚህ አዳራሽ አንዲት ሴት ተደብድባ ዝም እንድትል ታዝዛ እንድትወጣ አልፈቅድም። ባሏ የሚደበድባት ሴት ወጥታ እናቷ ቤት ብትቀመጥ ኩርፊያ አይባልም፤ ነፍሷን ማዳን ነው። የደፈራትን ዘመድ ሰላም የማትል ልጅ አኮረፈች አትባልም። ሽማግሌዎች ሆይ፣ «ቻይው፣ ትዳርሽን አክብሪ» ብላችሁ ወደ ዱላ የመለሳችኋት ሴት ካለች እርቅ አላደረጋችሁም። የዳዊትን ቤት ነው የሠራችሁት። በደም እርቅ እንኳ ገዳዩ «አልገደልሁም» እያለ ደም አይደርቅም። እውነቱ ይወጣል፣ ካሳው ይከፈላል፣ ሕግ የሚጠይቀውን ሕግ ይጠይቃል። በቤት ሲሆን ለምንድን ነው እውነቱን ዘልለን ወደ መሳሳሙ የምንሮጠው?

ወደ እኛ ኩርፊያ ልመለስ፤ የገንዘብ፣ የክብር፣ የቃል፣ የውርስ ኩርፊያ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ማን ይጀምር? የበደለኝ እርሱ፣ የምለምነው እኔ?»

ጌታችን በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተናግሯል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንዲህ ይላል፦ «እንግዲህ መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፥ በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ፥ በኋላም መጥተህ መባህን አቅርብ።» ይህ የተነገረው ለበደለው ነው። በምዕራፍ 18 ደግሞ «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል። ይህ ለተበደለው ነው። ለሁለቱም ያለው ሂድ ነው። ሁለቱም ቢታዘዙ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። «እርሱ ይምጣ» ለሚል ሰው በወንጌል ውስጥ ቦታ አላገኘሁለትም።

ደግሞ የእግዚአብሔርን ጠባይ ተመልከቱ። አዳም በደለ፣ ተደበቀም። «ወዴት ነህ?» ያለው የተበደለው ነው። በሉቃስ 15 ታላቁ ልጅ ተቆጣ፣ ሊገባም አልወደደም፤ አባቱም ወጥቶ ለመነው ይላል። እኛ የምንሰብከው ስለ ታናሹ ነው፤ ኩርፊያ የያዘው ግን ታላቁ ነበር፤ ያልሰረቀው፣ ያልሰከረው፣ ከቤት ያልወጣው። ቤት ውስጥ ዘፈን እየተሰማ ደጅ ቆመ። ወንድሙን «ወንድሜ» ማለት እንኳ ተጠየፈ። አባትየው እንግዶቹን ትቶ፣ ክብሩን ትቶ ወደ ጨለማው ወጣ። ነገ ደግሞ የምናከብረው ምንድን ነው? ዘወረደ፣ ከላይ የወረደውን። የተበደለው ጌታ ወደ በደሉት ወረደ ብለን ዘምረን ስንወጣ «እኔማ አልሄድለትም» ማለት እንዴት ይቻለናል?

ከዚህ በስተ ሰሜን ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው። ስሙን ሁልጊዜ እንጠራዋለን፤ የቅዱስ እስጢፋኖስን የመጨረሻ ጸሎት ግን ስንቶቻችን እናስባለን? እየተወገረ፣ ተንበርክኮ፣ «ጌታ ሆይ፥ ይህን ኃጢአት አትቍጠርባቸው» አለ። የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው ጎልማሳ ሳውል ነበር፤ በኋላ ጳውሎስ የሆነው። «በቍጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ብሎ ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈውም እርሱ ነው። ይህን ሲጽፍ ይቅር የተባለ ሰው ሆኖ ነው የጻፈው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። እርሳ አልተባልንም። ሂድ ነው የተባልነው።

ስለ ጎረቤትም ትንሽ ልበል፤ የእኛ የክርስትና ኑሮ በወሎ ከሙስሊም ጎረቤት ተለይቶ አያውቅምና። ቦሩ ሜዳ ከዚህ ቅርብ ነው። በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ጊዜ በዚያ የሃይማኖት ጉባኤ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ተገደደ፤ የተሰደደም፣ የተገደለም አለ። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በቅሬያችን፣ በእድራችን ውስጥ አብረውን መቃብር ይቆፍራሉ፤ ለሠርጋችን የሙስሊም ማዕድ ስናዘጋጅ መጥተው ይበላሉ፣ ይመርቁናል። ስለ ይቅርታ ስናስተምር ከማን እየተቀበልን እንደኖርን ማወቅ አለብን።

ከቅርቡ ደግሞ የ2014ቱ ጦርነት አለ። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ግማሹ ሸሸ፣ ግማሹ ቀረ። የሸሸው ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ ሄደ። ሲመለስ ቤቱ ተዘርፎ አገኘው። «እያየ ዝም አለ» ብሎ ጎረቤቱን ተቀየመ። የቀረው ደግሞ «በዚያ ቀን ጥለውኝ ሄዱ» ብሎ ተቀየመ። ከዚያ ወዲህ የማይነጋገሩ ሰዎች በመካከላችን አሉ፤ ዛሬ እዚህም ተቀምጣችሁ ይሆናል። አንዱ ሌላው በዚያን ሌሊት ምን እንዳየ ጠይቆት አያውቅም። ማን በር እንደ ሰበረ፣ ማን ላይ መሣሪያ እንደ ተደቀነ፣ ልጆቹን የት እንደ ደበቀ ሳይጠይቅ ፈርዷል። እባካችሁ ጠይቁ። ምናልባት መልሱ ያሳዝን ይሆናል እንጂ አያስቆጣም።

አሁን ወደ ሥራው። ኩርፊያ በምን ይሰበራል ላላችሁኝ ከልምድ የማውቀውን ልንገራችሁ። አንደኛ ነገር፣ ልጅ አትላኩ፤ ራሳችሁ ተናገሩ። የመጀመሪያው ቃል ትልቅ ንግግር መሆን የለበትም፤ «ደህና አደርሽ» ይበቃል። «ካስቀየምሁህ ይቅርታ» የሚባለው ነገር ግን ይቅርታ አይደለም። «ካስቀየምሁህ» ማለት መቀየምህን እጠራጠራለሁ ማለት ነው። ያደረግኸውን ስሙን ጥራው፤ «በእንግዳ ፊት ስላዋረድሁህ»፣ «ሰነዱን በስሜ ስላወጣሁት»። ይህን ሲናገሩ አፍ ይደርቃል፤ ይደርቅ።

ደግሞ ፀሐይ ሳትገባ ተነጋገሩ ማለት ፀሐይ ሳትገባ ጉዳዩ ይለቅ ማለት አይደለም። የውርስ ክርክር ወራት ይፈጃል፤ የመሬት ጉዳይ ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል። ይቁም። ሰላምታው ግን አይቋረጥ። ችሎት ፊት ተከራክረው አብረው በአንድ ባጃጅ ወደ ቤት የሚመለሱ ወንድማማቾች ማየት እመኛለሁ። የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ዲድስቅልያ ክርክራችሁ ሰኞ ይሰማ ይላል፤ እስከ እሑድ ጊዜ አግኝታችሁ በሰላም ወደ ቅዳሴ እንድትገቡ። አባቶቻችን አለመግባባት እንደማይጠፋ ያውቁ ነበር፤ የፈሩት እሑድን ነው።

ነገም እሑድ ነው። በቅዳሴው ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ይላል፤ እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም ተባባሉ። እኛም ወደ ቀኝ ወደ ግራ ጎንበስ እንላለን። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው እንቆማለንና፣ ያኮረፍናት ሚስት በዚያ በኩል ናት፤ ያኮረፍነው ወንድም ዓምድ ጀርባ ነው። ለማናውቀው ሰው ጎንበስ ብለን ለምናውቀው ሳንል እንወጣለን። ኢሳይያስ «እነሆ፥ ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ» ያለው ይህን ነው። አገራችንም «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ስትል የኖረችው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ የዛሬውን ማታ ተጠቀሙበት። አባቶቻችን ካህናት ከጉባኤው በኋላ እዚሁ አዳራሽ ይቆያሉ፤ ብቻውን መሄድ የከበደው ሰው «አብራችሁኝ ኑ» ይበላቸው፤ ይሄዳሉ። የቅሬ ዳኞችና ሽማግሌዎችም ተቀምጣችኋል፤ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ሳትጠሩ ሂዱ። ወንድማችሁ ሩቅ ከሆነ ደውሉ። እኅታችሁ ሳዑዲ ካለች የሰዓቱ ነገር አያሳስባችሁ፤ ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው። የምትሠራበት ቤት ሥራው የሚያልቀው ሲመሽ ስለሆነ ከእራት በኋላ ሞክሯት። ባታነሣ ደግማችሁ ሞክሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።